ጅምር ሕንፃን ፎቶ ማንሳት፦ የት ቆሞ፣ መቼ፣ በምን?

ከቤቴ ወደ ታክሲ መያዣው ስወርድ መንገዴ ላይ አንድ ጅምር ሕንፃ አለ። ሰባተኛ ወለል ላይ ደርሷል። ከእግር እስከ ራሱ በባህር ዛፍ እንጨት ታስሮ ነበር። ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ የማስበው ስለ አቧራው ብቻ ነበር። አፍንጫዬን ሸፍኜ ቶሎ እልፋለሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ግን ቆምኩ። ፀሐይ ከወጣች ሃያ ደቂቃ ቢሆናት ነው። ብርሃኑ በእንጨቶቹ መሃል ሾልኮ ገብቶ፣ ገና ያልተለሰነው የብሎኬት ግድግዳ ላይ ጥላቸውን ዘርግቶታል። ቋሚው ከአግዳሚው እየተጠላለፈ የሸማኔ እጅ የሠራው ጥለት መስሏል። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁት። ማታ ቤት ገብቼ ደጋግሜ አየሁት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም።

አሁን ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። በስልክ ይሻላል በካሜራ? ስንት ሰዓት ልሂድ? ጥበቃዎቹ አያባርሩም ወይ? አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የቱ ለማን እንደሚሻል የማምንበትን ልጻፍላችሁ። የማወራው ስለማውቃት ስለ አዲስ አበባ ነው። ሐዋሳም፣ ባህር ዳርም፣ አዳማም ላላችሁ አብዛኛው ይሠራል።

ብዙ ሳይት ወይስ አንድ?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። ከካሜራው በፊት የሚመጣ ምርጫ ግን አለ። ከተማውን እየዞራችሁ ያገኛችሁትን ታነሳላችሁ ወይስ አንዱን ሕንፃ ይዛችሁ እስኪያልቅ ትከተላላችሁ?

መዞር ደስ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚዞርበት አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህማ ከፒያሳ በአራት ኪሎ አድርጎ እስከ ቦሌ በእግሩ የሄደ ሰው፣ የሚፈርስም የሚሠራም ነገር ሳያይ አይመለስም ነበር። ችግሩ፣ በአንድ ቅዳሜ አሥር ሳይት የዞረ ሰው አሥር ተመሳሳይ ፎቶ ይዞ ይገባል። ክሬንና ሰማይ፣ ክሬንና ሰማይ። የእኔም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፎቶዎች እንደዚያ ናቸው።

አንዱን ስትከተሉ ሕንፃው ራሱ ይለዋወጥላችኋል። ቁፋሮው ላይ የሰፈሩ አፈር ይታያል። ቦሌ በኩል ከሆነ ጥቁር መረሬ፣ ወደ እንጦጦ ጥግ ከሆነ ቀይ። ቀጥሎ ፌሮው፣ አርማታው ውስጥ የሚቀበረው ብረት፣ ይታሰራል። ለእኔ የግንባታ ሁሉ ቁንጮ ይህ ነው። ፌራዮው ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት ብረት በተገናኘበት ቦታ ሁሉ ሽቦ ያሳልፋል፤ በፒንሳ ሁለት ጊዜ አዙሮ ይቆርጠዋል። ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። አንድ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ላይ እንዲህ ያለው ቋጠሮ በሺ ይቆጠራል። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ካደረ ብረቱ ጠዋት ላይ ብርቱካንማ ይሆናል። ያ ሁሉ ሥራ የሚታየው ለጥቂት ቀን ነው። አርማታው ይሞላበታል፣ በቃ። ሕንፃው አንድ ቀን ካልፈረሰ በቀር ማንም ዳግመኛ አያየውም።

ሙሌቱ ካለቀም በኋላ የሚታይ ነገር አለ። ጣውላው ከኮለኑ (ከአርማታ ምሰሶው) ላይ ሲነሳ አርማታው ቶሎ እንዳይደርቅ ጆንያ ይጠመጠምበትና ለቀናት ውሃ ይጠጣል። የሚፈለገውን ጥንካሬ ማግኘቱ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ጠዋት ሳይቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ብትሄዱ፣ ኮለኖቹ ጋቢ ለብሰው የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ፀሐይ ሲነካቸው ከጆንያው ላይ እንፋሎት ይነሳል። ዞሮ የሚያልፍ ሰው ይህን የሚያገኘው በዕድል ነው። ተመላልሶ የሚሄድ ሰው ግን ቀኑን አውቆ ይጠብቀዋል።

209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የካቲት 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም አነሳነው። ዛሬም ከየአቅጣጫው ይነሳል። ወለል በወለል ሲወጣ ከአንድ ቦታ እየቆመ ያነሳው ሰው ግን ማንኛችንም የማናገኘው ነገር አለው።

ስለዚህ እዚሁ ለምትኖሩ ምክሬ አንድ ነው። ከቤታችሁ ወይም ከሥራ ቦታችሁ በእግር የሚደረስ አንድ ሳይት ምረጡ። የምትቆሙበትን ቦታ በምልክት ያዙ፤ የእኔ አንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አንሱ። ሌላውን ፎቶ እንደፈለጋችሁ።

ከውጭ ለሦስት ሳምንት ለመጣችሁ ይህ አይሆንም። ለእናንተ መዞሩ ይሻላል። እንዲሁ ከመዞር ግን በተለያየ ደረጃ ላይ ያሉ ሳይቶችን ለዩ። አንድ ቁፋሮ፣ አንድ ፌሮ የሚታሰርበት፣ አንድ ብሎኬት የሚደረደርበት፣ አንድ መስታወት የሚገጠምለት። አንድ ሕንፃ በአራት ዓመት የሚያሳየውን በአንድ ሳምንት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

የት ትቆማላችሁ?

ሦስት ቦታ አለ። መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት ያለ ፎቅ ላይና ሳይቱ ውስጥ።

መንገዱ ፈቃድ አይጠይቅም። ቆርቆሮው አጥር ላይ ክፍተት አይጠፋም፤ ክፍተቱ ራሱ ለፎቶው ፍሬም ይሆናል። ጉድለቱ ወደ ላይ ማንጋጠጥ ነው። ካሜራው ወደ ላይ ባዘነበለ ቁጥር ኮለኖቹ ጫፋቸው እየተሰበሰበ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። መንገዱን ተሻግራችሁ ራቅ በሉ፤ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ስልካችሁ ካሜራ ላይ የመስመር ፍርግርግ ማብሪያ አለ፣ አብሩት። ግንበኛ ያለ ቱንቢና ያለ ውሃ ልክ ግድግዳ አያቆምም፤ እናንተም ቋሚውን መስመር ከቋሚ ጋር አስተያዩት።

ፊት ለፊት ያለ ፎቅ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጅምር ሕንፃ ባለበት ሰፈር ብዙ ጊዜ ፊት ለፊቱ አራተኛ ወይም አምስተኛ ወለል ላይ ካፌ አለ። አንድ ማኪያቶ ታዛላችሁ፣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣላችሁ። ከሠራተኞቹ ጋር ዓይን ለዓይን ናችሁ። ማንጋጠጥ ስለሌለ መስመሩ ሁሉ ቀጥ ይላል። ሶሌታው እንደ መድረክ ተዘርግቶ፣ አናጢው በአንድ ጥግ፣ ፌራዮው በሌላ ጥግ፣ ባሬላ የያዙት ሁለቱ በመሃል ሲያልፉ ይታያል። ማንም ስለማያያችሁ ማንም ሥራውን አያቆምላችሁም። መስታወቱ ነጸብራቅ ካስቸገረ የስልኩን ሌንስ መስታወቱ ላይ አስጠጉት፤ ዙሪያውን በጃኬት ጋርዱት።

ውስጥ መግባት የሚያምር ነገር ይሰጣል፤ ግን በፈቃድ ብቻ። ይህን በራሴ ላይ ነው ያየሁት። አንድ ሳይት ላይ ማንንም ሳላናግር በአጥሩ ክፍተት ሌንስ አስገብቼ ሳነሳ ጥበቃው መጡ። «ማን ፈቀደልህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የጠዋቱን ፎቶ በሙሉ ፊታቸው አጠፋሁ። አንድ በር ላይ የቆመች ልጅ ነበረች፣ ብርሃኑ ግማሽ ፊቷ ላይ ያረፈባት። እሷም አብራ ጠፋች። እሳቸው ግን ልክ ነበሩ። አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እሳቸው ናቸው።

አሁን ካሜራ ከማውጣቴ በፊት ሰላምታ እሰጣለሁ። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? የዚህ ሰፈር ልጅ ነኝ። ሕንፃው ሲያድግ ፎቶ እያነሳሁ ነው። ማንን ላስፈቅድ?» ብዙዎቹ ወደ ፎርማኑ ይልኳችኋል። ፎርማኑ ሲመጣ ከዚህ በፊት ያነሳችሁትን አሳዩት። የራሱን ሥራ በፎቶ ሲያይ ፊቱ ይፈታል። ሃያ ደቂቃ ብቻ ለምኑ፣ በሃያኛው ደቂቃ ውጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ጥያቄ ትገባላችሁ።

ስትገቡ ሄልሜት አድርጉ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ የግድ ነው፤ የተነቀለ ጣውላ ምስማሩን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል። ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ፎቶ አታንሱ፣ ጨርሶ። የሊፍት ጉድጓድና ያልተከለለ የወለል ጫፍ አለ። ብየዳ ካለ ብልጭታውን በባዶ ዓይን አትዩት፤ ዓይን ይጎዳል።

ድሮንን የማነሳው ስለምትጠይቁኝ ነው። ፈቃድ ይፈልጋል፣ ያለ ፈቃድ ማስነሳት አይቻልም። ካፌው ይበቃችኋል። ሳይቱ ከቤተ መንግሥት፣ ከኤምባሲ ወይም ከወታደር ግቢ አጠገብ ከሆነ ደግሞ በስልክም ቢሆን ተዉት። ሌላ ሳይት አይጠፋም።

ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ ስትወጣ ቀጥ ብላ ነው ሽቅብ የምትሄደው። ስለዚህ ያ ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ረጅም አይደለም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አይታችሁት «ቁርስ በልቼ ልምጣ» ካላችሁ አልፏል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ብርሃኑ ኃይለኛ ነው፤ ጥላው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

ጠዋትና አመሻሽ ላይ የሚያምረው አንድ ዓይነት አይደለም። ጠዋት ሳይቱ ባዶ ነው። እንጨት፣ ጥላ፣ ውሃ፣ ጸጥታ። ሠራተኛው 2 ሰዓት ገደማ ሥራ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የሕንፃው ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው የሰው ነው። እጅ መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ፌስታል አንጠልጥሎ በበሩ መውጣት። ቅርጽ የምትወዱ በጠዋት፣ ሰው የምትወዱ በአመሻሽ ሂዱ።

እኩለ ቀን ላይ ከውጭ ማንሳት አልመክርም። ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ ኮለኑ ጥላ እንኳን የለውም። ውስጥ ከሆናችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያ ኃይለኛ ብርሃን በደረጃው ክፍተት ወርዶ ወለሉ ላይ ያርፍና ከወለሉ ወደ ጣሪያው ይመለሳል። ግራጫው አርማታ በሙሉ ከውስጥ የሚበራ ይመስላል። የምሳ ሰዓትም ነው፣ ሰው ተቀምጧል፣ አቧራው ረግቷል።

ከሁሉም የምመርጠው ግን የሙሌት ሌሊት ነው። ሶሌታ ሲሞላ በመሃል ማቋረጥ ጥሩ አይደለም፤ አዲሱ አርማታ ከደረቀው ጋር በደንብ አይያያዝም። ስለዚህ ቀኑ ካልበቃ ሥራው ሌሊት ይቀጥላል። ፓውዛ ይበራል። ሚክሰሩ ይጮኻል። ከጨለማው ውስጥ የሚወጣው ሰው ሁሉ በአንድ በኩል ብርሃን፣ በሌላ በኩል ጥቁር ነው። በፓውዛው ፊት የሲሚንቶ አቧራ እንደ ዕጣን ጭስ ይሽከረከራል። ስልካችሁን ግንብ ላይ ደግፉት፤ የሌሊት ሞዱ እስኪጨርስ አትነቅንቁት። የሚንቀሳቀሰው ሰው ይደበዝዛል፣ ይደብዝዝ። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ድረስ ከፍ አድርጉት፤ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ወደ ሰከንድ አንድ ስድሳኛ አምጡት።

ስለ ወቅቱም ልናገር። ሰው ክረምት ሲገባ ካሜራውን ያስቀምጣል። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤኸር ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የውሃ ማማና የፋብሪካ ሕንፃ ሲያነሱ ይፈልጉ የነበረው ደመናማ ቀንን ነው፤ ጥላ ስለሌለ ቅርጹ ብቻውን ይቀራል። እኛ ያንን ደመና ሦስት ወር በነፃ እናገኘዋለን። የሐምሌ ኩሬ ላይ ሕንፃው የታሰረበት እንጨት ተገልብጦ ይታያል። መስከረም ላይ ደግሞ ሥራው የቆመበት አጥር ውስጥ፣ ከመሠረቱ በወጣው ፌሮ መሃል አደይ አበባ ይበቅላል። ይህን አንድ ዓመት አምልጦኛል፤ ሁለተኛ አያመልጠኝም።

ስልክ ወይስ ካሜራ?

ለመጀመሪያው ሦስት ወር ስልክ። ማንንም አያስደነግጥም፣ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። አቧራም ብዙ አያሳስበውም፤ ሌንሱን ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው።

የሚሸነፈው ሩቅ ነገር ላይ ነው። ከካፌው ሆናችሁ የፌራዮውን እጅ ማንሳት ከፈለጋችሁ የስልኩ ዙም ያደበዝዘዋል። ያኔ ካሜራ ያስፈልጋል። ገንዘባችሁን አዲስ ካሜራ ላይ አትጨርሱ። ያገለገለ ካሜራ ግዙና የቀረውን ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፣ ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ላይ አውሉት። እንዲህ ያለ ሌንስ ሩቁንና ቅርቡን ያቀራርባል፤ አምስት ወለል እንጨት ተነባብሮ አንድ ጨርቅ ይመስላል።

ሳይት ላይ ሌንስ አትቀይሩ። የሲሚንቶ አቧራ ካሜራው ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም። ሌንሱ ፊት ላይ አቧራ ካረፈ መጀመሪያ አራግፉት፣ ከዚያ ጥረጉት። በቀጥታ ከጠረጋችሁት አሸዋው መስታወቱን ይጭረዋል።

ቀለም ወይስ ጥቁርና ነጭ የሚለው አጭር ነው። ያስቆማችሁ የዝገቱ ብርቱካን፣ የመረቡ አረንጓዴ፣ የሄልሜቱ ቢጫ ከሆነ ቀለሙን ተዉት። ያስቆማችሁ ጥላና መስመር ከሆነ ቀለሙን አውጡት። በቀለም አንስታችሁ በኋላ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ይቻላል፤ በተቃራኒው አይሆንም።

ሰው ከሩቅ ወይስ ከቅርብ?

አሜሪካዊው ሉዊስ ሃይን በ1930 እና 1931 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ሲሠራ አብሮ ወጥቶ ያነሳ ሰው ነው። ሕንፃው 102 ወለል አለው። ዛሬ ፎቶዎቹን ስናይ የምናየው ብረቱ ላይ የቆሙትን ሰዎች ነው።

እዚህም እንደዚያ ነው። በተለይ ሴቶቹ። ሻሽ አስረው ከላዩ ባርኔጣ ደፍተው፣ ባሬላውን ከፊትና ከኋላ ይዘው በጣውላው ዳገት ሲወጡ ርምጃቸው አንድ ነው። አንዷ ከዘገየች አሸዋው ይደፋል። ከሩቅ ብታነሷቸው ርምጃውን ታገኛላችሁ። ከቅርብ ብታነሷቸው ፊታቸውን ታገኛላችሁ፤ ለፊት ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ወደ መጠየቁ አደላለሁ። «እህቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳሽ?» ብሎ እምቢ መባል ምንም አይደለም።

አንድ ቀን አንዷን አሸዋ ስትሞላ አነሳኋትና በሳምንቱ አሳጥቤ ወሰድኩላት። ረጅም ሰዓት አየችው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንደገና ተቀበለችኝ። ልጇ ክፍለ ሀገር አያቷ ጋ እንደምትማር ነገረችኝ። «እናትሽ ፎቅ ትሠራለች ብዬ እልክላታለሁ» አለችኝ።

አንድ ነገር አደራ። ሄልሜት ያላደረገ ወይም ያለ ቀበቶ ከፍታ ላይ የቆመ ሠራተኛ ፊቱ እየታየ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ፎቶው ቢያምርም። ወቀሳው የሚያርፈው ሄልሜት ባላቀረበለት ላይ ሳይሆን በእሱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ነገ እንዳትመጣ መባል ቀላል ነው።

የእኔው ሕንፃ አሁን ልስን ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የላይኛውን ሦስት ወለል እንጨት አወረዱት። አንዱን ቀርቤ አየሁት። የድሮ ምስማር ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ የሦስት ዓይነት ቀለም ጠብታ አለበት፣ መሃሉ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ብዙ ሕንፃ ያወጣ እንጨት ነው። ፎርማኑን ወዴት እንደሚጫን ጠየቅኩት። ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ አዲስ ሥራ ይዘዋል፤ ቦታው ታጥሯል፣ ቁፋሮው ገና አልተጀመረም። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ የምቆምበትን እመርጣለሁ።